ማስተካከያ፦ የዘር እርጥበት ስሌትና የድግግሞሽ አቆጣጠር

ለዘር ሳይንስ መጽሔት ጽሑፍ ስለማዘጋጀት ቀደም ሲል ባወጣነው መመሪያ ላይ ሁለት ስህተቶች አግኝተናል።

እርጥበት የሚሰላው የጠፋውን ውሃ ለደረቀው ዘር ክብደት በማካፈል ነው ብለን ነበር። በዘር ፍተሻ ግን አካፋዩ ከመድረቁ በፊት ያለው ክብደት ነው። 10 ግራም ናሙና (የመያዣው ክብደት ተቀንሶ) ከማድረቂያው 8.8 ግራም ሆኖ ቢወጣ እርጥበቱ 12 በመቶ ነው፤ በእኛ ቀመር 13.6 ይሆን ነበር። የማድረቂያው ሙቀትና ሰዓትም ይጻፍ፤ ለምሳሌ በ103 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ17 ሰዓት።

ሁለተኛው ይብሳል። ከአንድ ሎት (በአንድነት ከተያዘ የዘር ክምችት) የተወሰዱ፣ እያንዳንዳቸው 100 ዘር የያዙ 4 ምድቦችን ራሳቸውን እንደቻሉ ድግግሞሾች (ሙከራው ለየብቻ እንደተደገመ) ቆጥረናቸዋል። አይደሉም፤ የሚያሳዩት የዚያኑ ሎት የናሙና ልዩነት ብቻ ነው። የማዳበሪያ መጠኖችን ለማወዳደር፣ ዘሩ ከእያንዳንዱ የሙከራ መደብ ለየብቻ ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተከማችቶ መፈተሽ አለበት። አንዴ ከተቀላቀለ የትኛውም የስታትስቲክስ ስሌት አይመልሰውም፤ ገምጋሚ ጽሑፉን ቢመልስ አይፈረድበትም።

«በቀለ» ሲባል ጤናማ ቡቃያ ይሁን 2 ሚሊ ሜትር ሥር ብቅ ማለቱ፣ በዘዴው ክፍል ይገለጽ ያልነው እንዳለ ነው።