ጠረጴዛችሁን አስተካክሉ፣ ባለጉዳይ ቆሟል

ወገኖቼ፣ በወረዳ፣ በክፍለ ከተማ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በአንድ ክፍል አምስትም ስድስትም ሆናችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው።

ጠረጴዛችሁን እስቲ እዩት። ያለፈው ወር ደብዳቤ ከዛሬው ጋር ተደራርቧል። ቦክስ ፋይሉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። ከሥሩ የአንድ ሰው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አለ፤ ሻዩ ፈሶ ክብ ምልክት ትቶበታል። ያ ወረቀት የሰው ቤት ነው።

«ቢሮው በሙሉ የተዝረከረከ ነው፣ እኔ ብቻዬን ምን አመጣለሁ?» ትላላችሁ። ይህን ሰበብ ተዉት። መደርደሪያው መሙላቱ እውነት ነው። መዝገብ ቤቱ ጠቦ ፋይል ኮሪደር ላይ መከመሩም እውነት ነው። እሱ በጀት ይፈልጋል፣ የበላይ ውሳኔ ይፈልጋል። የራሳችሁን ጠረጴዛ ለማስተካከል ግን ስብሰባ አይጠራም፣ ሰርኩላር አይጻፍም።

ባለጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ እናንተ ጋ ሲደርስ «ፋይሉ የለም፣ ነገ ተመለስ» ይባላል። ፋይሉ አለ። እዚያው ፊታችሁ፣ ከክምሩ ሥር ነው። ሰውየው የመጣው ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ የታክሲ ከፍሎ ነው። ነገም ይከፍላል። እናት ከሆነች ልጇን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የወጣችው። የእናንተ መዝረክረክ ዕዳ ከእነሱ ኪስ ይወጣል። ሲብስም «ሆን ብለው ነው፣ የሆነ ነገር ፈልገው ነው» ብለው ይጠረጥሯችኋል። እጁ ንጹሕ የሆነ ሠራተኛ በወረቀት ክምር ሰበብ በጉቦ ሲታማ ያንገበግባል።

ደግሞ አልተማርንም ማለት አትችሉም። ካይዘን፣ ማለትም ሥራንና የሥራ ቦታን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ አገራችን ከገባ ቆይቷል። ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙዎቻችሁ ሥልጠናውን ወስዳችኋል። አምስቱን «ማ»ዎችም በቃላችሁ ታውቋቸዋላችሁ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ጎብኚ ሊመጣ ሲል በአንድ ከሰዓት ትጨርሷቸዋላችሁ። ጎብኚው በወጣ በሳምንቱ ክምሩ ይመለሳል። የጠፋው ማዝለቁ ነው።

ከመውጫ ሰዓት በፊት አሥር ደቂቃ ለጠረጴዛችሁ ስጡት። ያለቀውን ፋይል ወደ መዝገብ ቤት መልሱ፤ «ነገ እመልሰዋለሁ» የተባለ ፋይል እዚያው ይከርማል። ያላለቀው ላይ ምን እንደሚጠብቅ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት፦ ፊርማ ነው? የክፍያ ደረሰኝ ነው? እንዲህ ከሆነ እናንተ ባትኖሩም ሌላው አንስቶ ይቀጥለዋል። የምሳ ዕቃና ቅያሪ ጫማ ከሰነድ ጋር አይቀመጥም። የተዋሳችሁትን ስቴፕለር ለባለቤቱ መልሱ።

ክምሩን ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ መግፋት ግን ማጽዳት አይባልም። ይህ ነገር በጣም ለምዶብናል። አንዱ የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ጠረጴዛው የሁሉም መጣያ ይሆናል። ሲመለስ የማያውቀውን ጉዳይ ተረክቦ ይቀመጣል፤ ባለጉዳዩም እሱን ይወቅሳል። የሌላውን ወረቀት ሳትጠይቁት አታንሱት፣ አውጥታችሁም አትጣሉት። ጠረጴዛችሁ ያማረ ሰዎችም የሥራ ባልደረባችሁን በባለጉዳይ ፊት አትዝለፉት። ለብቻ ጠርታችሁ ንገሩት፤ ሥራ በዝቶበት ከሆነ አብራችሁት ለዩለት።

የጽዳት ሠራተኛዋንም አስቧት። ጠረጴዛችሁን የማትወለውለው ሰንፋ አይደለም። አንድ ወረቀት ከቦታው ፈቀቅ ቢል «ማን ነካብኝ?» ተብሎ የሚጮኸው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን ጠርጋ ትወጣለች፣ አቧራው ከሰው ሰነድ ጋር ያድራል። ማታ ጠረጴዛውን ባዶ አድርጉላት። ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት፤ ትርፍ ቁልፉን ለቅርብ አለቃችሁ ስጡ። እናንተ ታማችሁ ብትቀሩ የባለጉዳዩ ጉዳይ አብሯችሁ መቅረት የለበትም።