ኮፈኑን ሳትከፍቱ አትፍረዱ!

ሰው እንዴት ሳያይ ይናገራል? ዛሬ ልተንፍሰው፣ ካልሆነ ልፈነዳ ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ጠዋት ከሳሪስ ሜክሲኮ፣ ከሰዓት ልጅ ማምጣት፣ ማታ ገበያ። እሷ ከቆመች ቤቱ ሁሉ ይቆማል። እና ይቺ መኪና የትራፊክ መብራት ላይ ዲ (የመሄጃው ማርሽ) ላይ ሆና ፍሬን ስይዝ መንቀጥቀጥ ጀመረች። መሪው፣ ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ ምኑ ቅጡ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ኤን (ነጻ) ላይ ሳደርጋት ጸጥ ትላለች። አር (የኋላ ማርሽ) ሳስገባ ደግሞ ከሥር "ጓ!" የሚል ድምፅ አለ። በጎተራ መንገድ የሚነዳ ሰው ያውቀዋል፣ ከመሄድ መቆም ይበዛል፤ ስለዚህ ስንቀጠቀጥ ውዬ ስንቀጠቀጥ እገባለሁ።

ይህንኑ አንድም ሳላስቀር ለመካኒኩ ነገርኩት። ዲ ላይ ብቻ ነው፣ ኤን ላይ የለም፣ አር ሲገባ ጓ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ልበለው? "ካንዴላ ነው እህቴ" አለኝ። ኮፈኑ እንደተዘጋ! ዓይኑም ስልኩ ላይ ነው። ካንዴላው፣ ማለት እሳት የሚሰጠው ዕቃ፣ ተቀየረ፤ ንዝረቱ እንዳለ። ሌላው መካኒክ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ይታጠብ አለ፣ ታጠበ። ሌላው "ሚኒሞዋ ወርዷል" ብሎ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት ከፍ አደረገልኝ፤ ንዝረቱ ትንሽ ተሸፈነ፣ ነዳጁን ግን ትጠጣው ጀመር። አንዱማ "መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር ነው የተነካካችው" ብሎ ከሸጠልኝ ሰውዬ ጋር ሊያጣላኝ ምንም አልቀረውም። ሁሉም የእጁን ዋጋ ተቀብሏል። "ያልኩት አልሆነም፣ እንካፈል" ያለኝ አንድ የለም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን "ባለ 3 ሲሊንደር ናት፣ ተፈጥሮዋ ነው፣ ልመጂው" ያለኝ ነው። የሚያናድደው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አዎ፣ 996 ሲሲዋ ሞተር ባለ 3 ናት፣ ከባለ 4ቷ ይልቅ ትነዝራለች። ግን ወንድሜ፣ ስገዛትም እኮ 3 ነበረች! አንዱ ሲሊንደር ሌሊት ተነስቶ አልሄደም።

በኋላ ነገሩን ያዩልኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። ኮፈኑን አስከፈቱኝ። የእጅ ፍሬን አስያዙኝ፣ የእግሩንም በደንብ አስረገጡኝ። እሳቸው ጎን ቆሙ፤ መኪናው ፊት ማንም እንዳይቆም ብለው ልጆቹን አባረሩ። ከዚያ ዲ፣ ትንሽ ነዳጅ፤ አር፣ ትንሽ ነዳጅ። ሞተሩ ከቦታው ብድግ ብሎ ተመልሶ ቁጭ ሲል በዓይኔ አየሁት። "ልጄ፣ የሞተርሽ መቀመጫ አልቋል እኮ" አሉኝ። በቃ። አንድ ደቂቃ እንኳ የፈጀ አይመስለኝም።

ነገሩ ይሄ ነው። ሞተር ብረት ለብረት አይታሰርም፣ ንዝረቱን የሚውጥለት ጎማ ያለው መያዣ ላይ ነው የሚቀመጠው። የእኔዋ የቀኙ መያዣ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ዓይነት ነው። ፈሳሹ ፈስሶ አልቆ ሥሩ ጥቁር ሆኗል፣ ጎማው ተተርትሯል። አንዱ ሲሞት ሸክሙ ወደ ሌሎቹ ይዞራል፤ ስለዚህ የታችኛውም እየተቀደደ ነው፣ "ጓ" የሚለውም እሱ ነው። ዝም ቢባል ደግሞ የጭስ ማውጫውን ቱቦ፣ የውሃ ጎማዎቹን፣ ጎማ የሚያዞረውን አክስል ሁሉ ይጎትታል። እኔ ካንዴላ ስቀይር እሱ ከሥር ሲያፈርስልኝ ከርሟል ማለት ነው።

ችግሩ ታወቀ፣ እልል ብዬ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሌላ ብሶት! ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ የመለዋወጫ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏላ። የነዳጅ መኪና ማስገባትም በዚያው ዓመት ተከልክሏል፤ እንግዲህ ያለችንን አሮጌ ታቅፈን መኖራችን ነው። ነጋዴውም ይሄን ከእኔ በላይ ያውቃል። አንዱ ሱቅ የጠራው ዋጋ አጠገቡ ካለው ሱቅ እጥፍ ነው፣ ዕቃው አንድ፣ ካርቶኑም አንድ።

ደግሞ "ቪትዝ ቪትዝ ነው፣ ይገጥማል" ይላሉ። አይገጥምም! የእኔዋ የሞዴል መለያዋ ላይ ኬኤስፒ 90 ይላል። የባለ 4ቷ መያዣ ሌላ ነው፣ በፈረንጆቹ 1999 የወጣችው የድሮዋ ቪትዝም ሌላ። ቁጥሩን አሳየዋለሁ፣ ሰውዬው ወረቀቱን ሳያይ ዕቃ ያነሳል። አንዱ ደግሞ ከሌላ መኪና የተፈታ "ኦሪጅናል" አመጣልኝ። በጥፍሬ ጫን ስለው ጎማው ስንጥቅጥቅ አለ። ብረት ቢሆን ያገለገለ ይገዛል፣ ጎማ ግን ተቀምጦም ያረጃል። የእኔው ይሻላል እኮ ልለው ነበር! "የመኪና ጎማ ቆርጠን እንሙላልሽ" ያለኝም አለ። እሱ ደርቆ ንዝረቱን በቀጥታ ወደ ወንበሬ ያመጣዋል፣ ገንዘብ ከፍሎ መንቀጥቀጥ መግዛት ነው።

የቀኙን አዲስ አግኝቼ አስገጥሜያለሁ። መብራት ላይ ቡናዬን ሳላፈስ መጠጣት ችያለሁ፣ ተመስገን። የታችኛው ግን እስከ ደመወዝ ይጠብቃል፣ "ጓ" ማለቱን ቀጥሏል። ለኬኤስፒ 90 የሚሆን አዲስ የታችኛ መያዣ የት እንዳለ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ፎቶውን እንኳ ሳታዩ "ይገጥማል እህቴ" የምትሉኝ ግን፣ በፈጠራችሁ፣ እለፉኝ።