ለግድግዳ ተዝካር ማውጣት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ውሻውን ለማሳነስ ነው። እኔ ግን አደንቀዋለሁ። ጮኸም፣ አልተነከሰምም። ይህን ጥበብ ለግድግዳ ያዋሉትን፣ ከፈረሰ በኋላ የሚያለቅሱለትን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው።

ለምሳሌ የዌልሷን የኒውፖርት ከተማ ምክር ቤት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1839 ቻርቲስት የሚባሉ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ከሰል ቆፋሪና ብረት ሠሪ፣ «እኛም ድምፅ እንስጥ» ብለው ወደ ኒውፖርት ወረዱ። ዌስትጌት ሆቴል ላይ ወታደር ተኮሰባቸውና ከ20 በላይ ሰው ወደቀ። መሪያቸው ጆን ፍሮስት የዚያው ከተማ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው፤ ሞት ተፈረደበት፣ ኋላ የሞት ፍርዱ ተቀየረለትና ወደ አውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ ተጋዘ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ኬኔት ባድ የተባለ ሠዓሊ ይህን ታሪክ በአንድ የእግረኛ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በሞዛይክ ሠራው። ርዝመቱ 35 ሜትር፣ የሸክላና የመስታወት ስባሪው ወደ 200 ሺህ። እስቲ አስቡት፦ አንዷን ስባሪ በጣት ይዞ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ለዚህኛው ባርኔጣ ጥላ ትሁን ወይስ ለዚያኛው ጠመንጃ ጢስ ብሎ አመዛዝኖ መለጠፍ። ከዚያ ሌላዋን። ከዚያ ሌላዋን። እንዲህ ያለ ግድግዳ ምን ይረባል? ካልሲ አይሸጥበት!

ፍሪያርስ ዎክ የተባለ የገበያ ማዕከል እንዲሠራ ግድግዳው ሊፈርስ ሲታሰብ ነዋሪው ፊርማ አሰባሰበ፣ ተቃወመ፤ ተዋናዩ ማይክል ሺንም አብሮ ጮኸ። የዌልስ የቅርስ መሥሪያ ቤት መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ሳይመዘግበው ቀረ። (የመሥሪያ ቤቱ ስም «ካዱ» ነው። በዌልሽ «መጠበቅ» ማለት ነው አሉ፤ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።) ነቅሎ ማዛወር ደግሞ 600 ሺህ ፓውንድ ያስወጣል ተባለ። ለስባሪ ይህን ሁሉ ገንዘብ! ለገበያ ማዕከሉ ወደ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያበድር ግን የምክር ቤቱ እጅ አልተንቀጠቀጠም። ቁጠባ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ማሽኑ ገባ። ድምፅ ስጡን ብለው የሞቱ ሰዎችን መታሰቢያ የዛሬውን ነዋሪ ድምፅ ሳይሰሙ ማፍረስ! ከዚህ የበለጠ ለታሪኩ ታማኝ የሆነ አፈራረስ አላየሁም። ሥፍራው ዛሬም «ጆን ፍሮስት አደባባይ» ይባላል፤ ሰውየውን አውርደው ስሙን አስቀሩለት።

ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሠዓሊው ልጅ ኦሊቨር ባድ የአባቱን ሥራ አሳንሶ እንደገና ሠራውና ከመሀል ከተማ ራቅ ብሎ ሮጀርስቶን ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የማዕከሉ ትልቁ ሱቅ ደበናምስ ተዘጋ። ተዝካሩ ወጥቷል፣ ድንኳኑም ፈርሷል።

ጥበቡን የፈረንጅ ብቻ አታድርጉት፤ እኛም አለን። እርግጥ አንዳንዴ እንሳሳታለን። የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል እዩ፤ አዳራሹ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲከፈት እሱም እንደቆመ ነው። ምስኪን፣ ሳይፈርስ ማን ያለቅስለታል?

እኔ ራሴ ከባለሙያዎቹ እቆጠራለሁ። ስልኬ ላይ የፒያሳው ሰፈር የዶሮ ማነቂያ 41 ፎቶዎች አሉኝ። ሁሉም የተነሱት በ2016 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፣ ማሽኑ ከመጣ በኋላ። ስንት ዓመት በሥሩ ማኪያቶ የጠጣሁበትን የእንጨት በረንዳ ቀና ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ፎቶው ላይ ግማሹ ወርዷል፤ ከፊት አንድ ልጅ አበባ ያለባት የወለል ማቶኔላ እንደ ሕፃን አቅፎ ይሄዳል። «ልብ ይሰብራል» ብዬ ለጠፍኩት። 300 ሰው ወደደው፣ ስንቱ አለቀሰ። አንድ ሰው ብቻ «ወንድሜ፣ ቆሞ ሳለ የት ነበርክ?» ብሎ ጻፈልኝ።

ብሎክ አደረግኩት። በለቅሶ ቤት እንዲህ ይባላል?