አማካዩ ለማን ይጠቅማል?
ስለ አዲስ አበባ ትራፊክ በወጣው ጽሑፍ ውስጥ «ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ለመድረስ የሚፈጀው አማካይ ጊዜ ቀንሷል» የሚለው አንቀጽ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን ከአለቃዬ ቁጣ አያድነኝም። አራት ቀን 20 ደቂቃ፣ በአምስተኛው ቀን 70 ደቂቃ የፈጀ መንገድ አማካዩ 30 ነው፤ ሰው ግን ከቤቱ ማልዶ የሚወጣው ያንን ክፉ ቀን ፈርቶ ነው። የትራፊክ ባለሙያዎች ከ20 ቀን 19ኙን በሰዓቱ ለመድረስ ስንት ደቂቃ መያዝ እንዳለበት የሚያሰሉትም ለዚሁ ነው። ከእኔ በፊት «መንገዱ ይስፋ» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ለገሃር ላይ የሚገትረን ጥበት ብቻ አይደለም። ሁለት መኪኖች ፓራውልት ለፓራውልት ይነካካሉ፤ ጭረቱ በአውራ ጣት የሚሸፈን ነው። ሾፌሮቹ ግን መኪናቸውን መሃል መንገድ ላይ እንዳቆሙ፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የግጭቱን ንድፍ) እስኪያነሳ ይጠብቃሉ። ከኋላ ጡሩምባው ይቀልጣል። የየካቲቱ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤና የእንግዶቹ አጀብ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ የሚዘጋው መንገድ አስቀድሞ ይነገረናል። ለእንዲህ ያለ ጭረት በስልክ ፎቶ አንስቶ ጥግ መያዝ ይለመድ፤ አስፋልት መጨመሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።