የጋኦካኦ ማዳመጥ ፈተና፦ ችግሩ የቃላት እጥረት ብቻ አይደለም

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የቻይና ተማሪዎች በጋኦካኦ (በአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) እንግሊዝኛ ማዳመጥ ነጥብ የሚጥሉት ቃላት ስለሚያንሳቸው ነው ይላል። በከፊል እስማማለሁ፤ ግን የፈተናውን አሠራር ዘሎታል። በብሔራዊው ፈተና ማዳመጥ ከ150 ነጥብ 30 ይይዛል፤ 20 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 1.5። የመጀመሪያዎቹ 5 አጫጭር ንግግሮች የሚሰሙት አንዴ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ በኋላ 10 ሰከንድ ይሰጣል፤ በዚያችው ጊዜ መመለስም ቀጣዩን ጥያቄ ማንበብም አለ። ባመለጠው ጥያቄ ሲብሰለሰል የሚቀር ተማሪ ቀጣዩንም ሳያነብ ይደርስበታል። ቀሪዎቹ 15 ጥያቄዎች የሚወጡባቸው ንግግሮች ሁለቴ ይሰማሉ፤ በመጀመሪያው ዋናውን ሐሳብ፣ በሁለተኛው ሰዓትና ዋጋውን መያዝ ያዋጣል። ደግሞ ጆሮ ላይ የቀረው ቁጥር ብዙ ጊዜ ወጥመድ ነው፦ ዋጋው ቀድሞ ይነገርና ቅናሹ ኋላ ይመጣል።

ንባብ ላይ አራቱ ምንባቦች ብዙም አያስቸግሩም። የሚጎዳው ከተሰጡት 7 ዓረፍተ ነገሮች 5ቱን መርጦ በምንባቡ ክፍት ቦታዎች መሙላቱ ነው። አንዱን ያለቦታው ያስገባ ተማሪ ለትክክለኛው ቦታ ስለሚያጣው የአንድ ክፍት ቦታ 2.5 ሳይሆን የሁለት፣ 5 ነጥብ ይሄድበታል። እርግጠኛ የሆኑበትን አስቀድሞ መሙላት፣ ከዚያ ከክፍት ቦታው በፊትና በኋላ ያሉትን ተውላጠ ስሞች ማየት ይሻላል።

ጽሑፉ የቤጂንግን ውጤት ከሌላው የቻይና አካባቢ ጋር ማወዳደሩም ልክ አይመስለኝም። እዚያ ማዳመጥና መናገር አብረው በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ 50 ነጥብ ነው፤ ሁለቴ ተፈትኖ የተሻለው ይያዛል።