ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ደጅ ያለው ሥራ

አንድ ተለማማጅ ሐኪም «የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና መስክ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ» ሲል (መስኩ ቀዶ ሕክምና የትም አገር ለሚያስፈልገው ሰው ሁሉ እንዲዳረስ የሚሠራ ነው) ብዙ ጊዜ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣው የሁለት ሳምንት ዘመቻ ነው፤ ሻንጣ ሙሉ መሣሪያ፣ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሕሙማን፣ የስንብት ፎቶግራፍ። በጎ ፈቃድን አልነቅፍም። ግን ሐኪሙ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ የሆዱ ስፌት መግል የቋጠረበትን ታካሚ ማን ያየዋል?

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምናና ሰመመን በሚያስፈልጋቸው ጊዜ እንደማያገኙ ገልጿል። ጉድለቱን ለመሙላት በየዓመቱ 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚያስፈልጉም በጊዜው ገምቷል። ይህን ጉድለት የሁለት ሳምንት ዘመቻ አይሞላውም።

ኮሚሽኑ የሆስፒታል አቅም መለኪያ ያደረጋቸው ሦስት ናቸው፦ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከም፣ ቆዳ በስቶ የወጣ ስብራትን ማከም። ተራ ይመስላሉ። ነገር ግን ምጥ ለጠናባት አንዲት እናት ምላጩ ከመነሣቱ በፊት ስንት ነገር መሟላት እንዳለበት ቁጠሩ፤ ደም፣ ኦክስጅን፣ በእንፋሎት የጸዳ መሣሪያ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ሰመመን ሰጪ። ጣቷ ላይ የተሰካችው ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ድምፅዋ እየወፈረ ሲሄድ በክፍሉ ያለ ሁሉ ቀና ይላል። መለኪያዋ ከሌለች የእናትየዋ ከንፈር እስኪጠቁር የሚያስጠነቅቅ የለም። ያቺን መለኪያ በጀት የሚያስይዝላት፣ የሚገዛትና የሚጠግናት ሰው፣ ምላጭ ባይዝም፣ የዚሁ መስክ ባለሙያ ነው።

ሥልጠናው ግን ይህን አይቆጥርም። የሬዚደንቱ፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም፣ የሥልጠና መዝገብ የሚያውቀው የቀደደውንና የሰፋውን ብቻ ነው። ሕሙማን ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው፣ ለመታከም ምን ያህል ዕዳ እንደሚገቡ ሲያጠና የከረመ ሬዚደንት «ሥራ ፈታህ» ይባላል። ጥናቱ ሲታተም ደግሞ ሌላ ነውር አለ፤ መረጃውን ሌሊት ከሕሙማን ካርድ ላይ የለቀሙት የአገሬው ሐኪሞች ስም ብዙ ጊዜ ከደራሲዎቹ ዝርዝር መሐል ይቀበራል፣ ወይም ጭራሽ አይገኝም።

ታዲያ መስኩን የሚመርጥ ወጣት መጀመሪያ እጁን ያፍታታ፤ ጎበዝ ሐኪም ያልሆነ ሰው ለሌላው የሚተርፍ ነገር የለውም። ከዚያ አንድ ሆስፒታል ይዞ ዓመታት ይቆይበት። ለሥልጠና የሚመርጡ መምህራን «ስንት አገር ሄደሃል?» ብለው ይጠይቁታል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ወደ መጀመሪያው ሆስፒታል ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሄደ ነው።