ስቶርም ያሸነፈችው በአንባቢ ድምፅ ነው
ስለ ስቶርምና ዎንደር ውመን የኮሚክ ፍልሚያ የወጣ ጽሑፍ «ደራሲዎቹ ለስቶርም አድልተዋል» ማለቱ ትክክል አይደለም። የአሜሪካ የኮሚክ አሳታሚዎቹ ዲሲና ማርቭል እ.ኤ.አ. በ1996 በጋራ ባሳተሙትና ጀግኖቻቸውን ባፋለሙበት ባለ 4 ክፍል ኮሚክ፣ ከ11ዱ ፍልሚያዎች የ5ቱን አሸናፊ የመረጠው አንባቢው ነው፤ የማርቭሏ ስቶርምና የዲሲዋ ዎንደር ውመን ፍልሚያ አንዱ ነበር። እንዲያውም ደራሲዎቹ ለዎንደር ውመን ክብሯን ጠብቀውላታል። የተገባው ብቻ የሚያነሣውን የማርቭሉን ጀግና የቶርን መዶሻ ማንሳት ብትችልም፣ ፍልሚያው ፍትሐዊ ይሁን ብላ አስቀምጣ ነው የገባችው። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ትልቁ ቦታ ይሄ ነው፤ ተሸንፋም ትልቅ ሆና ወጣች። ቅሬታ ካለኝ በማርቭሉ ዎልቨሪንና በዲሲው ሎቦ ፍልሚያ ነው። ከመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ወደቁ፣ ዎልቨሪን ብቻ ተነሣ፣ አለቀ! ድምፅ የሰጠ ሰው ድብድቡን ማየት ይገባው ነበር።